ስለ ተቈለፈ ካዝናና ስለሚከፍተው ሰው

የብረት ካዝና ያላቸው ቤተ ሰቦች ብዙዎች አይደሉም፤ ያላቸውም ቢሆኑ በውስጡ የሚያኖሩት አብዛኛውን ጊዜ የማይተካውን ነገር ነው። የቤቱ ካርታ፥ የጋብቻው ወረቀት፥ የኑዛዜው ጽሑፍ፥ ከአያት የወረደው የአንገት መስቀል በዚያ ይቀመጣል። እንግዲህ ቍልፉ የጠፋ፥ ወይም ቍጥሩን የሚያውቀው ሰው ከዚህ ዓለም የተለየ እንደ ሆነ፥ ቤተ ሰቡ በገዛ ንብረቱ ፊት እንደ እንግዳ ቆሞ ይቀራል። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው በምን እንደሚከፈት ነው። ማን ይክፈተው የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ይህንንም የምንለው በቤታችን ከደረሰው ነገር ተነሥተን ነው።

አባታችን በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ፥ በመኝታ ቤታቸው ጥግ አራት ሰዎች የማያነሡት ባለ ቍጥር ካዝና ትተውልን ሄዱ። በ1961 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ነጋዴ ገዝተውት ኖሮ፥ ቍጥሩን ለማንም፥ ለእናታችንም እንኳ ሳይቀር፥ ነግረው አያውቁም። ይህ ከክፋት የመጣ አልነበረም፤ የብዙ አባቶች ልማድ ነው። አርባቸው ከወጣ በኋላ ግን በቤታችን ሹክሹክታ ተጀመረ። አንዱ ኑዛዜ አለበት ይላል፤ ሌላው ወርቅ እንጂ ኑዛዜ የለበትም ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ካዝናው ከአባታችን ሞት በኋላ በስውር ተከፍቶ እንዳይሆን ይጠረጥራል። በአንድ ገበታ ስንበላ ያደግን ወንድሞችና እኅቶች፥ ያን ሰሞን ወደዚያ ክፍል ብቻችንን መግባት እንፈራ ነበር።

ታላቅ ወንድማችን ከሰፈር አንድ ወጣት ይዞ መጣ። በትከሻው የኤሌክትሪክ ብረት መቍረጫ፥ በእጁ ዲጅኖ ይዟል። ካዝናውን በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ግማሽ ሰዓት እንደማይፈጅበት ነገረን። የማን እንደ ሆነ አልጠየቀም፤ ቍጥሩ ለምን እንደ ጠፋም አልጠየቀም። ከተቈረጠ በኋላ ካዝናው ምን ይሆናል ብንለው፥ ሣቅ ብሎ ወደ ምናለሽ ተራ እንደሚሄድ ነገረን። (ምናለሽ ተራን ያላዩ አንባብያን ቢኖሩ፥ በመርካቶ አሮጌ ብረታ ብረት እንደ ገና የሚሠራበት ሥፍራ ነው።) እናታችን ቡና አጠጥተው በመልካም ቃል አሰናበቱት። ከሄደም በኋላ፥ "ማን እንደ ሆንሁ ሳይጠይቅ የእኔን የሚከፍት ሰው፥ የጎረቤቴንም ሳይጠይቅ ይከፍታል" አሉን።

የእናታችን ምክንያት ይህ ብቻ ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ከካዝናው አሠራር የሚመጣ ሌላም ምክንያት አለ። ከእሳት እንዲጠብቅ የተሠራ ካዝና ግድግዳው ብረት ብቻ አይደለም፤ በውጭውና በውስጡ ብረት መካከል እንደ ጄሶ ያለ፥ ውሃ በውስጡ የያዘ ነገር ተሞልቶበታል። ቤት ሲቃጠል ያ ውሃ እንፋሎት እየሆነ ሙቀቱን ይቀበላል። በአሜሪካ ለወረቀት ማኖሪያ የሚሠራ ካዝና የሚፈተነው፥ በተወሰነለት ሰዓት ውስጥ የውስጡ ሙቀት ከ177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ነው። ይህን ግድግዳ በመቍረጫ የሰነጠቀ ሰው ፍንጣሪውን በቀጥታ ወደ ወረቀቱ ይሰድዳል፤ ካዝናውም ከዚያ ወዲያ ለእሳት መከላከያነት አይሆንም። በአንዳንዱ ካዝና በር ውስጥ ደግሞ የመስተዋት ሰሌዳ ይገኛል፤ መሰርሰሪያ ያለ ቦታው ገብቶ ሲሰብረው፥ ተወጥረው የቆዩ ተጨማሪ መወርወሪያዎች ይለቀቁና በሩን ዳግመኛ ይቈልፉታል። የአንድ ቀን ሥራ የነበረው የብዙ ቀን ይሆናል።

ሁለተኛውን ባለሙያ ያገኘነው በወዳጅ ጥቆማ ነው። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፥ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን ምንም መሣሪያ ሳይዙ መጡ፤ ከተቀመጡም በኋላ የጠየቁት ስለ ካዝናው ዓይነት ሳይሆን ስለ ባለቤቱ ነበር። የሞት ማስረጃና ወራሾቹ እነማን እንደ ሆኑ ፍርድ ቤት ያረጋገጠበት ወረቀት ካልቀረበ እጃቸውን እንደማያነሡ ነገሩን። ወንድማችን ፊቱ ጠቈረ፤ የእናታችን ፊት ግን ከሐዘናቸው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። ወረቀቱን ለማግኘት ሳምንታት ፈጀብን፤ ነገር ግን በከንቱ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ የውርስ አጣሪ አስቀድሞ ሟቹ ኑዛዜ ትቶ እንደ ሆነ እንዲፈልግ፥ ለዚህም ወረቀቶቹን እንዲመረምር ያዝዛል። ስለዚህ የእኛ ካዝና መከፈት ራሱ የውርሱ ማጣራት አንድ ክፍል ነበር እንጂ የጓዳ ጉዳይ አልነበረም።

ዋጋውንም አስቀድመው በወረቀት ጻፉልን፤ ሳይበሱ ቢከፍቱት ይህን ያህል፥ ቢበሱት ይህን ያህል፥ መጠገኛው ለብቻው ይህን ያህል ብለው ለዩት። ከወጣቱ ዋጋ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። አንድ ዘመዳችን ከሚገኘው ላይ ድርሻ ቢሰጣቸው ዋጋውን ይቀንሱ እንደ ሆነ ቢጠይቃቸው፥ ተነሥተው ሊሄዱ ነበር፤ በብዙ ልመና አስቀመጥናቸው።

በሚከፈትበት ቀን እናታችን የንስሐ አባታችንንና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችን ጠሩ። በንጉሡ በኢዮአስ ዘመን ካህኑ ዮዳሄ በቤተ መቅደስ ያኖረው ሣጥን ገንዘቡ ሲበዛ የሚቈጠረው የንጉሡ ጸሓፊና ታላቁ ካህን አብረው ባሉበት እንደ ነበረ በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል፤ በየአጥቢያችንም ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይከፈትም። ለቤት ካዝና የዚህ ያህል ጥንቃቄ ለምን ይበዛበታል?

ባለሙያው ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የበሩን ዙሪያ፥ የብሎኖቹን ራስና ቀለሙን በባትሪ እያበሩ ለሁላችን አሳዩን። ከዚያም ሽማግሌዎቹ እየሰሙ፥ "በኃይል የተነካ ነገር የለም፤ በቍጥሩ ተከፍቶ እንደ ሆነ ግን ብረቱ አይናገርም" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጥርጣሬ በቤታችን ጮክ ብሎ አልተነገረም። ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት ግን አንደፍርም።

የባለ ቍጥር ካዝና አሠራር እንዲህ ነው። ከመዘውሩ ኋላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን መንኰራኵሮች አሉ፤ በእያንዳንዱም ጠርዝ አንድ ጥርብ አለ። ሦስቱ ጥርቦች በአንድ መስመር ሲገጥሙ ትንሽ ብረት ወደ ውስጣቸው ትወድቅና መወርወሪያው ይሳባል። መዘውሩ መቶ ቍጥር ቢኖረው፥ በወረቀት ሲሰላ አንድ ሚሊዮን ዓይነት አደራደር ይሆናል፤ ቍልፉ ለጎረቤት ቍጥሮች ጥቂት ስለሚታገሥ በእውነቱ ከዚህ ያንሳል። በሲኒማ እንደምናየው ጆሮን በበሩ ላይ መለጠፍ ብቻውን አይከፍተውም። የእኛ ባለሙያ የሠሩት ይልቁን በጣትና በዐይን ነበር፤ መዘውሩን እያዞሩ የሚነካበትን ቦታ በባለ መስመር ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ይመዘግቡ ነበር። ልጆቻችን ሒሳብ የሚሠሩ መስሏቸው ነበር።

ይህ ትዕግሥት ጥንታዊ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1851 በለንደን ከተማ ታላቁ የዓለም ኤግዚቢሽን በተደረገ ጊዜ፥ አልፍሬድ ቻርልስ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ የብራማህን ቍልፍ ከፈተ። ይህ ቍልፍ የሚከፍተው ሰው ቢገኝ 200 ጊኒ እንደሚሸለም ተጽፎበት ለብዙ ዓመታት በሱቅ መስኮት የተቀመጠ ነበር። ሆብስ የሠራው በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ነው፤ የሠራውም በስውር ሳይሆን ዳኞች ተሰይመውበት ነው። ዛሬም በአሜሪካ የአንዳንዱ ካዝና ጥንካሬ የሚነገረው በደቂቃ ነው፤ 15 ደቂቃ ወይም 30 ደቂቃ መሣሪያን የሚቋቋም ይባላል። ካዝና የሚሸጥልን እንግዲህ ጊዜ ነው ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ማታ ባለሙያው አንደኛው መንኰራኵር ከማርጀቱ የተነሣ በትክክል እንደማይዞር ነገሩን፤ ፈቃዳችንንም ጠይቀው ከእርሳስ የቀጠነ አንድ ቀዳዳ በሱ። በቀጭን መመልከቻ ወደ ውስጥ እያዩ መንኰራኵሮቹን አስተካከሉ፤ እጀታውም ዞረ። በሩን ግን አልከፈቱትም። "እትዬ፥ እርስዎ ይክፈቱት" ብለው መሣሪያቸውን ሰብስበው ወደ ግቢው ወጡ፤ እስክንጠራቸውም ድረስ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ቆዩ።

ኑዛዜ አልነበረም። የቤቱ ካርታ፥ የእድር ደረሰኞች፥ የሁላችን የክርስትና ወረቀት፥ በነጠላ ቍራጭ የተጠቀለለ የአያታችን መስቀል፥ ደግሞም አባታችን ያበደሩት ገንዘብ ዝርዝር ነበር፤ ከስሞቹ አብዛኞቹ ላይ መስመር ተሰርዟል። ወርቅ አለ ይል የነበረው ወንድማችን ዝርዝሩን ረዥም ጊዜ ይዞ ቆየ። ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ጽፈን ሽማግሌዎቹ ፈረሙበት።

ጥገናው ግማሽ ቀን ፈጀ። ቀዳዳው በጠንካራ ብረት ተደፈነ፤ ያረጀው መንኰራኵር ተለወጠ፤ የደረቀው አሮጌ ቅባት ተጠረገ። በቍልፉ ውስጥ ዘይት እንዳናፈስስ አጥብቀው ነገሩን፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባልና። አዲሱን ቍጥር እኛው እንድንመርጥ አድርገው፥ በሩ ክፍት ሳለ ደጋግመን እንድንሞክረው አዘዙን፤ በሩን ዘግቶ መሞከር የብዙ ሰው ጭንቀት መነሻ መሆኑንም አጫወቱን። ዛሬ በየቤቱ የሚገባው ባለ ቍልፍ መጫኛ ትንሽ ካዝና ሲዘጋ ደግሞ፥ ብዙ ጊዜ የሞተው ባትሪው ብቻ ነው፤ አንዳንዱ ከውጭ ባትሪ የሚነካበት ቦታ አለው፤ ባለሙያ ከመጥራት በፊት ይህን ማየት ገንዘብ ያተርፋል። ቤት ተቃጥሎ የተረፈ ካዝናም ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ መከፈት የለበትም፤ በድንገት የሚገባው አየር የጋለውን ወረቀት ያነድደዋልና።

የግድግዳው መሙያ እርጥበት ስለሚያወጣ፥ በክረምት ወረቀቶቹ እንዳይሻግቱ በየወሩ በሩን ከፍተን እናናፍሰዋለን። ከአዲሶቹ ሦስት ቍጥሮች ሁለቱን እናታችን ያውቃሉ፤ ሦስተኛው በታላቋ እኅታችን ዘንድ ነው፤ ሦስቱም በታሸገ ፖስታ ተጽፈው በሌላ ቤት ተቀምጠዋል።