የክረምት ዓይን፤ ከባንኮኒ ጀርባ የተጻፉ ማስታወሻዎች

ሐምሌ 6፣ ደብረ ማርቆስ

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አላባራም። መድኃኒት ቤቱን ስከፍት ጭቃው አብሮኝ ገባ። ክረምት መግባቱን ግን ከጭቃው ይልቅ የሚነግረኝ ባንኮኒው ፊት የሚቆመው ሰው ዓይን ነው። ከጉንፋን ቀጥሎ ዛሬ የበዛው የዓይን መድኃኒት ፈላጊ ነበር።

አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። የሕፃኑ ሽፋሽፍት በደረቀ ዓይናር ተጣብቆ አንዱን ዓይን ብቻ በግድ ከፍቶ ያየኛል። የእሷም ዓይን ቀልቷል። «ዶክተር፣ ለጎረቤቴ የሰጠሃትን ጠብታ ስጠኝ» አለች። (እዚህ ነጭ ጋዎን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ማረሙን ከተውኩ ቆየሁ።) የጎረቤቷ ጠብታ ለሌላ ሕመም የታዘዘ ነው፤ አልሰጠኋትም። ልጁ ብርሃን ያስጠላው እንደሆነ፣ ዓይኑን ይዞ ያለቅስ እንደሆነ ጠየቅኋት። የለም። ወፈር ያለ ቢጫ ፈሳሽ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ይጣበቃል። ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ሰጥቼ አቀባቡን አሳየኋት፤ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች መሳብ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅባት ከውስጥ በኩል፣ ከዚያ ዓይን መክደን። መጀመሪያ ግን ዓይናሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ማጽዳት፤ አንዱ ዓይን የተጠረገበት ጨርቅ ሌላውን አይነካም።

«እኔንም የያዘኝ እሱን ሳይ ሳይ ነው» አለችኝ። ይህን እያለች በነጠላዋ ጫፍ የልጁን ዓይን ጠረገች፤ ጥቂት ቆይታ በዚያው ጫፍ የራሷን ጠረገች። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም። «እቴ፣ በማየት አይደለም፤ በነጠላሽ ነው» አልኳት። ሳቀች። ስትወጣ ግን እንደገና በነጠላዋ ጠረገችው።

ሐምሌ 9

ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሦስት ወንድማማቾች መጡ፤ በዝናብ ቀን። ሕመሙ ወደ ሌላ ሰው እንዳያልፍ ብለው ነው። መነጽር ዓይንን ከብርሃን ያሳርፋል እንጂ በሽታን አያግድም። ቤት ውስጥ ስንት ፎጣ እንዳላቸው ብጠይቅ ተያዩ፤ አንድ ነው።

የእነሱ ቅላት ከጉንፋን ጋር የመጣ፣ ውሃ የሚያስነባ፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል የሚቆረቁር ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ አዴኖቫይረስ የሚባል ተሕዋስ የሚያመጣው ነው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አይሠራለትም። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም በሦስት፣ ራሱ ይለቃል። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ለየራስ ፎጣና ትራስ፤ በቃ። ምንም አልሸጥኩላቸውም። ታናሽየው ደስ አላለውም፤ ባዶ እጁን ከመድኃኒት ቤት መውጣት ለሰው ይከብደዋል። ከመንገዱ ማዶ ወዳለው መድኃኒት ቤት ሲሻገሩ አየኋቸው።

ሐምሌ 17

የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ንፋስና የጭቃ ፍንጣሪ ዓይኑን አቅልቶታል። «ዴክሳ ስጠኝ፣ እሱ ወዲያው ነው የሚያነጻው» አለ። እውነቱን ነው፤ ያነጻል። ዴክሳሜታዞን ቅላቱን በአንድ ቀን ያጠፋዋል። ችግሩ ያጠፋው ቅላቱን እንጂ ሕመሙን አለመሆኑ ላይ ነው። ከውስጥ ያለው የኸርፐስ ቫይረስ ወይም ፈንገስ ከሆነ ሰውነት የሚከላከልበትን ኃይል ያደክምበትና ተሕዋሱ እንደልቡ ይስፋፋል። ለወራት ሲጨመር ደግሞ የዓይን ግፊት ይጨምራል፤ ግላኮማ የሚባለው ይከተላል። ግላኮማው ብዙ ጊዜ አያምም። እይታ ከዳር ከዳር እየጠበበ ይሄድና ሰውዬው ሲነቃ የሞተው ነርቭ አይመለስም። ጠብታው የዓይን ሞራንም ያፋጥናል።

ከመቼ ጀምሮ እንደሚጨምር ጠየቅኩት። «ከባለፈው ክረምት፣ ሲቀላ ሲቀላ» አለ። ጠብታውን አልሰጠሁትም፤ ሆስፒታል ሄዶ ግፊቱን እንዲለካ ለመንኩት፤ ለመንኩት ነው የምለው። በዚህ ሙያ እንደዚህች ትንሽ ብልቃጥ የሚያናድደኝ የለም። ሐኪም ሲያዛትና ሲከታተላት ትጠቅማለች፤ እንደ ከረሜላ በየባንኮኒው ስትሸጥ ግን ዓይን ታጠፋለች። የሚሸጣትም የኔው የሙያ ባልደረባ ነው።

ነሐሴ 1

የአረም ወር ነው። አንድ ገበሬ በቆሎ ሲያርም ቅጠሉ ዓይኑን ጫረው። ሚስቱ ጉድፍ መስሏት በምላሷ ልታወጣለት ሞክራለች። ካመመው አራት ቀን ሆኖታል፤ መብራቱን ሸሽቶ በጋቢው ተከናንቦ ቆመ። ወደ ደጅ አውጥቼ ሳየው በዓይኑ ጥቁር ላይ ነጭ ነጥብ አለ።

ይህ የመድኃኒት ቤት ጉዳይ አይደለም። ቅጠል፣ ገለባ ወይም እንጨት የጫረው ዓይን ፈንገስ ሊያቆጠቁጥበት ይችላል፤ ሕክምናው በየሰዓቱ የሚጨመር ጠብታና የሳምንታት ክትትል ነው። ጠባሳው ብሌኑ ላይ ካረፈ እይታው ይሄዳል። «ጋሼ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግቡ» አልኩት። «አረሙስ?» አለ። አብሮት የመጣው ልጁ «እኔ አርማለሁ» ብሎ ክንዱን ይዞ ወሰደው። ጎበዝ ልጅ።

ነሐሴ 13

ቡሄ። እናቴ ሙልሙል ስትጋግር ዓይኗ በርበሬ መስሎ ነበር። የክረምት ማገዶ እርጥብ ነው፤ ኩበቱም እርጥብ፤ ብርድ ነው ተብሎ በሩም ይዘጋል። ለዚህ ጠብታ የለም፤ መድኃኒቱ መስኮት መክፈትና ማገዶን ከሰኔ በፊት ከጣሪያ ሥር መከመር ነው። እሷ «ዱሮም እንዲሁ ነው» ብላ ጨረሰችው።

ነሐሴ 25

የገበያ ቀን። ከገጠር የመጡ እማማ ቅባት ጠየቁኝ። አንገታቸው ላይ ማተባቸው አለ፤ በማተቡ መስቀልና ወረንጦ ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል። ወረንጦው ለምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ወደ ውስጥ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍታቸውን ይነቅሉበታል። የነቀሉት በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሲበቅል አጭርና ሹል ስለሆነ ይብስ ይወጋል።

ይህ የዓይን ማዝ፣ ትራኮማ፣ መጨረሻው ነው። ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የቆቡ ውስጠኛ ክፍል ይጠባበሳል፤ ከዓመታት በኋላ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይጎትተዋል፤ ሽፋሽፍቱ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር የዓይኑን ጥቁር ይፈትጋል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል፤ ሕፃናቱን የሚይዙት እነሱ ናቸውና። በዓለም ላይ የትራኮማ ሸክም የከበደባት አገር ኢትዮጵያ ናት፤ የአማራ ክልልም ክፉኛ ከተጠቁት አንዱ ነው። በዘመቻ የሚታደለው መድኃኒት፣ አዚትሮማይሲን፣ ለሕፃናቱ መጠኑ የሚወሰነው ምልክት በተደረገበት እንጨት ቁመታቸው ተለክቶ ነው፤ አዋቂ አራት ፍሬ ይውጣል። እማማም ውጠዋል። ኪኒኑ ግን ተሕዋሱን ይገድላል እንጂ የተቀለበሰ ቆብ አይመልስም።

የሚመልሰው ትንሽ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሠለጠኑ ነርሶች ጤና ጣቢያ ድረስ ሄደው ይሠሩታል፤ ለአንድ ቆብ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። «ዓይኔን አውጥተው የሚያጥቡት አይደል?» አሉኝ። የሰሙት እንደዚያ ነው፤ የፈሩትም እሱን ነው። ቆቡን ብቻ መሆኑን፣ ማደንዘዣ እንደሚወጉ፣ በዚያው ቀን ቤታቸው እንደሚገቡ ነገርኳቸው። «ለመስቀል ልጄ ሲመጣ» አሉ። ቅባቱን ሸጥኩላቸው፤ የጤና ጣቢያቸውን ስም በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። እስከዚያው ወረንጦውን ካላቆሙ በፈላ ውሃ ይቀቅሉት ብያለሁ።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ከቀትር በኋላ ሲዘንብ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ራቁታቸውን ወጡ፤ የኔዋም ወጣች። ርኅወተ ሰማይ፣ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን፣ ነው፤ የዛሬን ዝናብ ማን ይከለክላል? የሩፋኤልና የዓይን ነገር ደግሞ ዱሮ የተያያዘ ነው። በመጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦቢት የታወረው የወፍ ኩስ ዓይኑ ላይ ወድቆ ነው፤ ልጁ ጦብያ በመልአኩ ምክር የዓሣ ሐሞት ቀብቶ አዳነው። እኔም ልጄን ከሰማይ የሚወርደውን ዝናብ ተጠመቂ፣ ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደውን ግን ተዪ አልኳት። ቆርቆሮው ላይ ርግቦች ያድራሉ፤ ለጦቢት የደረሰው ለእሷ አይድረስ።

መስከረም 9

ዝናቡ ቀነሰ፤ ዝንቡ ጨመረ። ትራኮማን ከፊት ወደ ፊት የሚያጓጉዘው ዝንብ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ነው፤ ክዳን ባለው መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ አይራባም። የሚያርፈውም ዓይናርና ንፍጥ ያለበት ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ፊት ማጠብና ጉድጓድ መቆፈር አንድ ሥራ ነው።

ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ዛሬ የመጣች መምህርት ከክፍሏ ብዙዎቹ ዓይናቸው መቅላቱን ነገረችኝ። ዓይኑ ፈሳሽ ያለውን ልጅ እስኪደርቅለት ቤት ማዋል ይሻላል። ከባለፈው ክረምት የተረፈ ጠብታ መደርደሪያ ላይ ካለ ጣሉት፤ የአብዛኛው ጠብታ ዕድሜ ከተከፈተ በኋላ 28 ቀን ነው። ዓይኑን የሚያመው፣ ብርሃን የሚያስጠላው፣ እይታው የቀነሰበት፣ በእንጨት ወይም በቅጠል የተጫረ፣ ወይም በተወለደ በመጀመሪያው ወር ዓይኑ የሚመግል ሕፃን ያለው ሰው ግን እኔ ጋ አይምጣ፤ በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።