«ለምን ፈለግከው?»

ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሬዚስተርን የሚያውቁት ሰሌዳ ላይ በምስላት ዚግዛግ መስመር ነው። በእጃቸው እንዲነኩት ስፈልግ የሞተ ሬዲዮ ለምኜ አመጣና አብረን እንፈታዋለን።

ይህ ዕቃ መንገድ ዳር ካለ ሱቅ የሚገዛባቸው አገሮች ነበሩ። አሜሪካ ሬዲዮሻክ በ1921 እ.ኤ.አ. ቦስተን ሲከፈት ደንበኞቹ ሬዲዮ በእጃቸው የሚገጣጥሙ ሰዎች ነበሩ። በኋላ ሞባይል መሸጥ አዋጣና ሬዚስተሩ ወደ ጓዳ መሳቢያ ገባ። በ2015 ኪሳራ አወጀ። የእንግሊዙ ማፕሊንም በ2018 ሱቆቹን ዘጋ።

«ኦንላይን ይረክሳል እኮ» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ የሚፈልገውን ለሚያውቅ። ጀማሪ ልጅ ግን ስሙን የማያውቀውን ዕቃ ምን ብሎ ይፈልገው? ሱቅ ቢኖር የተቃጠለውን ይዞ ገብቶ «እንዲህ ዓይነት አለ?» ይላል። ባለሱቁም «ለምን ፈለግከው?» ይለዋል። ትምህርት የሚጀምረው እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

እኛ ሰፈር ጠጋኞቹ ሁሉ ወደ ሞባይል ዞረው የቀሩት አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ አባት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሦስት ተማሪ እልክላቸዋለሁ። እናንተም ሰፈር ካሉ፣ ሳይዘጉ ልጆቻችሁን ላኩ።