ሙዜን ማን ያስቸኩላቸዋል?

ዘንድሮ እኛ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የበጎ ፈቃድ አገልግሎታችንን የሰጠነው እዚሁ ናይሮቢ ባለ አንድ የጎልፍ ክለብ ነው። ይህን እቤት ስንናገር ብዙዎቹ ወላጆቻችን ሳቁ። «ጎልፍ ደግሞ ምን የሚያስቸኩል ነገር ኖሮት ነው ሰዓት የምትይዙት?» አሉን። ሥራችን በአማተሮች ውድድር ላይ እያንዳንዱ ምድብ አራተኛው ጉድጓድ የደረሰበትንና የለቀቀበትን ደቂቃ መመዝገብ ነበር። ክለቡ ውስጥ «ጨዋታው ተንቀረፈፈ» የሚል ስሞታ ስለበዛ አዘጋጅ ኮሚቴው ነገሩን በቁጥር ማየት ፈልጓል።

ጎልፍን ለማታውቁ፦ ተጫዋቾቹ አራት አራት ሆነው ይወጡና 18 ጉድጓዶችን እየተከተሉ ይጫወታሉ። የኋላው ምድብ የፊተኛው እስኪርቅ መምታት አይችልም፤ ኳሷ ሰው ትጎዳለች። ስለዚህ ማታቱ መሀል መንገድ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠራ እንደሚሆነው ሁሉ፣ አንዱ ሲዘገይ ከኋላው ያለው በሙሉ ይገተራል።

እዚህ ደግሞ ፀሐይ አትጠብቅም። ናይሮቢ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም ሳይርቅ ትጠልቃለች፤ ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጨለማ ነው። (ካዲዎቹ ሰዓት ሲነግሩን በስዋሂሊ ስለሚቆጥሩ ከእኛ አቆጣጠር ጋር አንድ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ስድስት ሲሉ እኛና እነሱ አሥራ ሁለት እንላለን፤ በዚህ ተሳስቀናል።) የተጫዋቾቹን ቦርሳ የሚሸከሙት እነዚህ ካዲዎች የሚከፈላቸው በዙር እንጂ በሰዓት አይደለም። ጨዋታው በአንድ ሰዓት ሲረዝም ያ ሰዓት የእነሱ ነው፤ ወደ ቤታቸውም የሚሄዱት በጨለማ ነው።

ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ገና ሳንጀምር ነገሩን፤ ሙዜ። ሙዜ ሁሉም የሚያከብራቸው፣ ካዲዎችን በስም እየጠሩ ስለ ልጆቻቸው የሚጠይቁ አዛውንት ናቸው። ከመምታታቸው በፊት ዱላቸውን ሦስት ጊዜ ባዶ ያወዛውዛሉ፤ ግሪኑ ላይ ቁጢጥ ብለው ሜዳውን በዚህም በዚያም ያጠናሉ፤ ጨዋታቸውም ጣፋጭ ስለሆነ መሀል ላይ አንድ ወሬ ይጀምራሉ። ማንም አያስቸኩላቸውም። እኛም በአስተዳደጋችን ሽማግሌን «ቶሎ በሉ» የምንልበት አፍ የለንም።

ሰዓቱ ግን ሌላ ነገር አሳየን። አራተኛው ጉድጓድ ፓር 3 ነው፤ አጭር ስለሆነ አንድ ምድብ ግሪኑን እስኪለቅ ሌላው መነሻው ላይ ይቆማል። በእኛ መዝገብ አንድ ምድብ እዚያ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ኮሚቴው ምድቦቹን ያስነሳው ግን በየ8 ደቂቃው ነው። ሁለተኛው ምድብ 2 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው 4፣ ስምንተኛው 14 ደቂቃ። ሙዜ ያሉበት ዘጠነኛው ምድብ እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት መንገዱ ተዘግቶ ነበር! የሒሳብ መምህራችን ይህን ሲያዩ ክፍል ውስጥ ምሳሌ አድርገው አስተማሩበት። ሙዜ ለመምታት 70 ሰከንድ ፈጅተው፣ ምድባቸውም በ10 ፈንታ 13 ደቂቃ ቆይቶ፣ በተዘጋው ላይ መጨመራቸው እውነት ነው። የዘጋው ግን የኮሚቴው ወረቀት ነው።

15ኛውና የመጨረሻው ምድብ የታዳጊዎች ነበር፤ ከመካከላቸው አንዷ የክፍላችን ልጅ ናት። ወደ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ሲጠብቁ ዳኛዋ መጡና «ፍጠኑ፣ ቅጣት ይመጣል» ብለው አስጠነቀቋቸው። ከአራቱ አንዳቸውም ለመምታት ከ40 ሰከንድ በላይ አልፈጁም። ከ2019 ጀምሮ የጎልፍ ሕግ ተራው የደረሰ ተጫዋች ከ40 ሰከንድ በላይ ባይቆይ ብሎ ይመክራል፤ የጠፋ ኳስ መፈለጊያውንም ከ5 ወደ 3 ደቂቃ አውርዷል። ልጆቹ በዚያ ቀን 16ኛውን ጉድጓድ ጨርሰው ሁለቱን ሳይጫወቱ በጨለማ ተመለሱ።

ይህን ስናይ ትዝ ያለን ጓን ቲያንላንግ ነው። በ2013 በአሜሪካው የማስተርስ ውድድር የተጫወተ የ14 ዓመት ቻይናዊ አማተር ነው። በሁለተኛው ቀን፣ 17ኛው ጉድጓድ ላይ፣ በዝግታ ተብሎ አንድ ምት ተጨመረበት። ሳይጨቃጨቅ ተቀበለ፤ ሆኖም ማጣሪያውን አለፈ። ሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን ሰዓት መጀመሪያ የሚያዘው በልጅ ላይ ለምንድን ነው ብለን መጠየቃችን አልቀረም።

መዝገቡን ከማስረከባችን በፊት ተጣላን። ግማሾቻችን የሙዜ 70 ሰከንድ ይሰረዝ አልን፤ ትልቅ ሰው በወረቀት አይከሰስም፣ ደግሞስ ዋናው ጥፋት የእሳቸው አይደለ። ሌሎቻችን ግን የእሳቸው ከተሰረዘ የልጆቹ 38 ሰከንድ ምን ያስረዳል አልን። ክርክሩ አውቶቡሱ ውስጥ ጀምሮ ሰኞ ዕለት እረፍት ሰዓት ላይ ነው ያለቀው። ሁሉም ቁጥር እንዳለ ገባ፤ አናቱ ላይ ግን የመነሻው 8 ደቂቃ በትልቁ ተጻፈ።

ኮሚቴው ለሚቀጥለው ውድድር የምድቦቹን ልዩነት 10 ደቂቃ አደረገው። ያን ሲያደርግ ጨለማ እንዳይቀድመው ምድቦቹን ወደ 12 መቀነስ ነበረበት፤ የ12 ሰው መመዝገቢያ ቀረበት ማለት ነው፣ ያጉረመረሙም ነበሩ። ነጥብ አያያዙንም በስቴብልፎርድ ለወጡት። ዶክተር ፍራንክ ስቴብልፎርድ የሚባሉ እንግሊዛዊ በ1932 ያስጀመሩት ዘዴ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ላይ ነጥብ እንደማያገኝ ያወቀ ሰው ኳሱን አንስቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ምት እየመታ ሌላውን አያስጠብቅም።

ሙዜ ደስ አላላቸውም። በሁለተኛው ውድድር ሰላም ስንላቸው ድምፃቸው ቀዝቀዝ ብሎ ነበር። ዳኛዋም በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሄዱት ወደ እሳቸው ነው፤ ጎንበስ ብለው በቀስታ ነገሯቸው። ሙዜ ዝም ብለው ሰሙ። በእኛ ጉድጓድ ላይ የፈጁት 52 ሰከንድ ነው፤ ወሬውን ግን አልተዉትም፣ እየተራመዱ ያወሩ ጀመር።

የታዳጊዎቹ ምድብ አሁንም የመጨረሻው ነበር። 18ኛውን ጉድጓድ የጨረሱት ከ12 ሰዓት ከሩብ ትንሽ አልፎ፣ ኳሷ ገና በደንብ እየታየች ነው። ካዲዎቹ ቦርሳዎቹን አስረክበው በር ላይ በቆመችው ማታቱ ሲሳፈሩ አየናቸው።