ለስምንት ማካፈል

ኮላ ድባ የደምቢያ ከተማ ናት፤ ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። እንደ ሌላው የወረዳ ከተማ ሁሉ ፊልምና ዘፈን ስልክ ላይ የሚጭን ወጣት አታጣም። ደንበኛው «ስንት ሜጋ ነው?» ይላል፤ ልጁም «ሰባት መቶ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ተግባብተዋል። ጣጣው የሚመጣው ያው ደንበኛ ቤቱ ኢንተርኔት ያስገባ ዕለት ነው።

ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ጥቅል የሚሸጠው በባይት ነው። የቤትና የቢሮ መስመር ሲሸጥ ግን ፍጥነቱን የሚናገረው በቢት ነው፤ የሌላው ዓለም ልማድም ይኸው ነው። ባለ 10 ሜጋቢት መስመር ያስገባ ሰው 700 ሜጋባይቱ ፊልም በ70 ሴኮንድ እጁ የሚገባ ይመስለዋል። አንዱ ባይት 8 ቢት ነውና 10 ለ8 ሲካፈል 1.25 ይሆናል። ፊልሙ 9 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ያውም መስመሩ ካላነከሰ።

ለዚህ ተወቃሽ ከተፈለገ ከቴሌግራፍ ዘመን መጀመር ይሻላል። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ እ.ኤ.አ. በ1874 ባስመዘገበው ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል በአምስት ምት ይላካል። የሽቦ ሰዎች የሚቆጥሩት በሴኮንድ ስንት ምት እንዳለፈ ነው፤ ምቱ ምን ይዞ እንደሄደ ጉዳያቸው አይደለም። በ1948 አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን ትንሿን የመረጃ ቅንጣት «ቢት» ብሎ ሲጽፍ ስሙን ያወጣው ባልደረባው ጆን ቱኪ መሆኑንም አልሸሸገም። የኮምፒውተር ሰዎች ጭንቀት ግን ሌላ ነበር፦ ፊደልን የት እናስቀምጠው? በ1956 የአይቢኤሙ ቨርነር ቡክሆልዝ «ባይት»ን አመጣ። ያኔ ባይት 8 ይሁን 6 እንኳ አልተቆረጠም ነበር፤ 8ን ያጸናው በ1964 የወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር ሲስተም 360 ነው። ባለሽቦውም ባለመጋዘኑም ከልማዱ ፈቀቅ ሳይል ስልክ ላይ ተገናኙ፤ ማካፈሉ ለገዢው ተረፈ።

እህሉን በቁና ሰፍሮ በኩንታል ለሚሸጥ የደምቢያ ገበሬ ይህ አዲስ መከራ አይደለም። እንዲያውም ይቀላል፤ ቁና ከገበያ ገበያ ይለያያል፣ 8 ግን የትም 8 ነው።

የአማርኛ ጸሐፊ ሌላም ሒሳብ አለበት። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ገብቷል፤ ድረ ገጾች በሚጠቀሙበት በተለመደው አጻጻፍ አንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፣ የእንግሊዝኛው ግን አንድ ብቻ። «ኮላ ድባ» አራት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ 13 ባይት፣ ማለትም 104 ቢት። የስልክ አጭር መልእክት ደግሞ አጻጻፉ ከድረ ገጹ የተለየ ሆኖ 140 ባይት ነው የሚይዘው። በእንግሊዝኛ 160 ፊደል ያስጽፋል፤ በአማርኛ 70። የጎንደር ሰላምታ፣ ከብቱም ልጁም ተጠይቆ፣ በ70 ፊደል የሚያልቅ አይደለም።

ለ8 ማካፈሉ የቆየ ነው። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፣ በስልክ መስመር። ፈጣኑ የስልክ ሞደም ቢበዛ 56 ኪሎቢት ነበር፤ በባይት 7 ኪሎ። 5 ሜጋባይት ዘፈን ወደ 12 ደቂቃ ይጠጋል።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ዜሮ ለ8 ቢካፈልም ቢባዛም ያው ዜሮ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚኒባሱን ፍጥነት ማስላት ይቻላል። ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ 256 ጊጋቢት ይይዛል። አንድ ተሳፋሪ ሞልቶ ኪሱ ከትቶት ከጎንደር ኮላ ድባ በአንድ ሰዓት ቢገባ 256 ጊጋቢት ለ3,600 ሴኮንድ ይካፈላል፤ 71 ሜጋቢት በሴኮንድ። አሥራ ሁለት ሰው አሥራ ሁለት ካርድ ቢይዝ 850 ያልፋል። ጉድለቱ የመጀመሪያዋ ቢት የምትደርሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ መሆኑና ረዳቱ «ሞላ!» እስኪል መጠበቁ ነው።

ካርዱ ራሱ ሌላ ጠብ አለው። 32 ጊጋ ተብሎ የተገዛው ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ 29.8 ገደማ ይላል፤ ገዢውም ሻጩን ሊያፋጥጥ ይመለሳል። ሻጩ ንጹሕ ነው። ካርድ ሠሪው ጊጋን በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፣ አብዛኛው ኮምፒውተር በ1,024። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ጠቡን ለማብረድ እ.ኤ.አ. በ1998 ለሁለተኛው ቆጠራ «ጊቢባይት» የሚል ስም አወጣ። ሱቅ ገብቶ በዚህ ስም ካርድ የሚጠይቅ ደንበኛ ግን እስካሁን ብርቅ ነው።