በጋስቶ የበላሁት የጾም ምሳ

በዐቢይ ጾም፣ በምኩራብ ሳምንት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ የሽሮ ፍትፍቴን በምሠራበት መሥሪያ ቤት የምሳ ክፍል ስበላ፣ ከፊቴ ተቀምጠው ሰላጣቸውን በሹካ ያገላብጡ የነበሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ አሜሪካዊት ባልደረባዬ ቀና ብለው አዩኝና «አንተ እኮ በጋስቶ ነው የምትበላው» አሉኝ። የቃሉን ፍቺ አላወቅሁም፤ ነገር ግን በልጅነቴ ሰው የሰውን አበላል አይቶ ሲናገር የሰማሁት ሁሉ ወደ አንድ ስድብ ያመራ ነበርና፣ ያውም በጾም ወራት ሆዳም መባል የነፍስም የሥጋም ኀፍረት ነውና፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ገና እኩሌታው የቀረውን ምሳ ዕቃዬን ከድኜ ተነሣሁ።

ማታ መዝገበ ቃላት ብገልጥ፣ ቃሉ ከላቲን በኢጣልያንኛ በኩል የመጣ፣ ጥንተ ትርጓሜውም «ጣዕም» የሆነ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም አንድን ነገር በሙሉ ልብና በደስታ አጣጥሞ ማድረግን የሚያመሰግኑበት ሆኖ አገኘሁት። ከእኛ ጋር የሚሠሩት የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ከአዲስ ሰው ጋር ሲተዋወቁ «ሙቾ ጉስቶ» የሚሉት ከዚያው ሥር ነው። ዊልያም ሀዝሊት የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲም፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1816 በዚሁ ቃል ርእስ በጻፈው ድርሰት፣ ቲሺያን የሣለው የሰው ገላ ራሱ የሚሰማው እስኪመስል ድረስ ሕያው መሆኑን አመስግኖበታል።

እንግዲህ የተነገረኝ ውዳሴ ነበር። ቢሆንም ቅሬታዬ ወዲያው አልለቀቀኝም፤ በአገራችን የበላተኛው ደስታ በራሱ መጓጓት አይመሰከርምና። «ጠገብኩ» ብሎ እጁን ሲሰበስብ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» የሚለው የባለቤቲቱ ልመናና ከዚያ የሚከተለው ጉርሻ ነው ምስክሩ። እዚህ ግን አንድ ጊዜ «በቃኝ» ካልህ ሳህኑ ይነሣል፤ ራስህ ካልጓጓህ የሚጓጓልህ የለም። በዚህም የእኛው ሥርዓት እጅግ ይበልጣል ብዬ ፈረድሁ።

ፍርዴን ያላላችው እናቴ ናት። ከወባ ተነሥቼ መጀመሪያ እህል የቀመስሁ ዕለት፣ እጄ ከመሶቡ ወደ አፌ ሲመላለስ እያየች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ «እሰይ፣ በላልኝ» ያለችው፣ ሴትዮዋ ካሉት በምን ይለያል?

እሑድም ከቤተ ክርስቲያን፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ስለ ጾሙ ባረፉበት ማሕሌት፣ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ በመቋሚያቸው ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የጾመ ድጓውን አንዲት ፊደል እስትንፋሳቸው እስኪያልቅ ሲስቧት ሰማሁ። ሊቃውንቱ «ጣዕመ ዜማ» ሲሉ ጣዕምን ከምላስ ወደ ጆሮ ያሻገሩት፣ የእንግሊዙ ደራሲ ወደ ሥዕል ከማሻገሩ እጅግ ቀድሞ ይመስለኛል።

ሰኞ ቃላቸው እንደ ገባኝ ለሴትዮዋ ነገርኋቸው፤ ደስ አላቸው። እርሳቸው ከፊቴ ሲቀመጡ ግን እጄ አሁንም ቀስ ይላል።