ማግኔት ስለሚስበውና ስለማይስበው የማይዝግ ብረት

የቤተ ዘመድን ሰላም ከሚያደፈርሱት ነገሮች አንዱ፥ ዕቃውን በሚገባ ሳይመረምሩ ሰጪውን ማማት ነው።

በኩታበር በአንድ የዘመድ ሠርግ ላይ፥ ከሙሽራው ወገን የመጣው የጎጆ መውጫ ዕቃ በሽማግሎች ፊት ሲቈጠር፥ አንድ ጐልማሳ ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ድስቱንና ቢላዋውን ፈተነ። ድስቱ አልተሳበም፤ ቢላዋው ግን ተጣበቀ። እርሱም «ይህ ተራ ብረት ነው፤ አታለውናል» ብሎ ስለ ተናገረ፥ የሙሽራው አባት በሰው ፊት እጅግ አፈሩ። ሽማግሌው ያለ በደላቸው ሲነቀፉ ዝም ማለት ስላልቻልሁ፥ ምክንያቱን ለጉባኤው አስረዳሁ፤ ነገሩም በሰላም አለፈ። ለሌላውም ቤተ ሰብ ይጠቅማልና እነሆ እጽፈዋለሁ።

የማይዝግ ብረት የሚባለው ሁሉ፥ ከመቶው ቢያንስ 10.5 እጅ ክሮሚየም የተቀላቀለበት ነው። ክሮሚየሙ ከአየር ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ስስ ልባስ ያበጃል፤ ዝገትን የሚከለክለውም ይኸው ልባስ ነው። በማግኔት መሳብና አለመሳብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህ የሚመጣው የብረቱ አተሞች ከሚሰለፉበት ሥርዓት ነው። ተራ ብረት በበረደ ጊዜ በሚይዘው ሰልፍ ማግኔት ይስበዋል። ከ912 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ሰልፉን ይለውጣል፤ ሲበርድም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ለድስትና ለማንኪያ በሚሆነው ዓይነት ውስጥ 18 እጅ ያህል ክሮሚየምና 8 እጅ ያህል ኒኬል ይገባል፤ ኒኬሉም ያን የግለት ጊዜ ሰልፍ ብረቱ ከበረደ በኋላ እንኳ ሳይፈርስ ያቈየዋል። በዚህ ሰልፍ ያለውን ብረት ማግኔት አይስበውም። ቢሆንም በታጠፈበትና በተቀጠቀጠበት ስፍራ ሰልፉ በጥቂቱ ስለሚለወጥ፥ በዚያ ጥቂት መሳብ ይታይበታል።

ቢላዋ ግን ስለት እንዲይዝ መጠንከር አለበት። ስለዚህ ካርቦን ይጨመርበትና፥ የአገራችን ቀጥቃጭ ማጭዱን አግሎ ውኃ ውስጥ እንደሚነክረው፥ ግሎ በድንገት እንዲበርድ ይደረጋል። ኒኬል የበዛበት ብረት በዚህ መንገድ አይጠነክርም። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1913 ሃሪ ብሪርሊ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ያወጣው፥ በኋላም ለገበታ ቢላዋ የዋለው የማይዝግ ብረት ከዚሁ ወገን ነበረ፤ ማግኔትም ይስበዋል።

እንግዲህ ማግኔት የብረቱን ዓይነት በጥቂቱ ያመለክታል እንጂ፥ የነጋዴውን ሐቀኝነት ወይም የሰጪውን ፍቅር አይመዝንም። በኢንዳክሽን ምድጃ ለሚያበስሉ ግን በእውነት ይጠቅማል፤ ማግኔት የማይስበው መቀመጫ ያለው ድስት በዚያ ምድጃ አይግልምና። «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገሉ ጐፈሬ» እንደ ተባለ፥ በዕቃ ምክንያት የሰውን ስም ከማንሣት በፊት የዕቃውን ጠባይ መጠየቅ የጨዋ ቤተ ሰብ ሥራ ነው።