መጨረሻ ምን ቆረጥክባት?

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል

በክበባችን ስብሰባ ላይ «ለመጽሔቱ ከሕይወታችሁ አንድ ነገር ጻፉ» ስንባል ጓደኞቼ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ሰዓት አከባበርና ስለ ጎበዝ ተማሪ መረጡ። እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት ሰንጢ ነው። አትሳቁብኝ። ሰንጢዋ ጠፍታብኝ ነበር። እሷን ስፈልግ ደግሞ ከእሷ የሚበልጥ ነገር ልጥል ነበር።

ሰንጢዋ የአያቴ ነበረች። እጀታዋ ቀንድ ነው። ስለቷ ከመሳል ብዛት ሳስቷል። ስትታጠፍ ከመሐል ጣቴ አትረዝምም። አያቴ በወጣትነታቸው ከመሐል ሜዳ ገበያ ገዝተዋት ነው፤ እኔ በግ ማገድ ስጀምር «በል እንግዲህ፣ ያንተ ናት» ብለው ሰጡኝ።

በግ የሚያግድ ልጅ ሰንጢ ምን እንደሚያደርግለት ያውቃል። በበግ ኮቴ መሀል እሾህ ሲገባ በጫፏ ይወጣል። ገመድ ይቆረጥባታል፣ የጅራፍ እንጨት ይላጥባታል፣ ማታ ደግሞ እርሳስ ይቀረጽባታል። አንድ ቀን አንዲት ግልገል ገመድ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ስትንፈራገጥ ደረስኩ። ቋጠሮው ጠብቆ በጣቴ አልፈታ አለኝ። ሰንጢዋ ባትኖር ግልገሏ አልቆላት ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰንጢዋን ከኪሴ አልለያትም።

ችግሩ ትምህርት ቤት ነው። ስለታም ነገር ይዞ ወደ ግቢ መግባት ክልክል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ደንቡም ልክ ነው፤ ሁለት ልጆች ሲጣሉ ኪሳቸው ባዶ ቢሆን ይሻላል። እኔ ግን ጠዋት በጎቹን ሜዳ አድርሼ፣ ለታናሽ ወንድሜ አስረክቤ በዚያው ስለምመጣ ሰንጢዋ ኪሴ ውስጥ እንዳለች እደርሳለሁ። ስለዚህ ከበሩ ሳልደርስ፣ መንገድ ዳር ያለው የድንጋይ ካብ ውስጥ ከአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር እደብቃታለሁ። ስወጣ አነሣታለሁ። ቦታውን የምናውቀው ሁለት ነበርን፤ እኔና አብሮኝ የሚመላለሰው ጓደኛዬ። ስሙን አልጽፍም።

ኅዳር ላይ ነው። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ድንጋዩን አነሣሁት፤ ሰንጢዋ የለችም። የጎኑን አነሣሁ፤ የለችም። ካቡን ግማሽ ያህል አፈረስኩት። ጓደኛዬ አጠገቤ ቆሞ «ምን ሆነህ ነው? ምን ጠፋህ?» ይለኛል። ያን ጊዜ አንድ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። ቦታውን ከእሱ በቀር ማን ያውቃል? ዞር አልኩና ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ «አንተ ነህ የወሰድካት! አምጣ!» አልኩት።

አልተሳደበም። አልተማታም። ሁለቱንም ኪሶቹን ወደ ውጭ ገለበጣቸው። ከቀኙ ትንሽ ቆሎ ፈሰሰ። ግራው ቀዳዳ ነበር። ከዚያ ደብተሩን አንሥቶ ሄደ። በማግስቱ በሌላኛው መንገድ መጣ። ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ላይ የምንቀመጥ ልጆች ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም።

ቤትም ዋሸሁ። አያቴ «ሰንጢዋ አለች?» ሲሉኝ «አለች፣ አባባ» እላቸው ነበር። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን ጠፍር የሚቆርጡባት ፈልገው «እስቲ አምጣት» አሉኝ። መድረሻ አጣሁ።

«ጠፍታብኛለች፣ አባባ። ሰርቀውኝ ነው።»

«ማን ሰረቀህ?»

የጓደኛዬን ስም ጠራሁ።

«ሲወስዳት አይተሃል?»

«አላየሁም።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «መጨረሻ ምን ቆረጥክባት?» አሉኝ።

«ካቡ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት» አልኩ።

«የት አስቀመጥካት አላልኩህም። መጨረሻ ምን ቆረጥክባት ነው ያልኩህ።»

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዓይኔን ጨፍኜ ያን ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ማሰብ ያዝኩ። ለካ ያን ቀን በጎቹን ያወጣኋቸው እኔ አልነበርኩም። እናቴ ከአውድማ የመጣውን ገብስ ጎተራ ውስጥ ገልብጥልኝ ብላኝ ቤት ቀርቼ ነበር። የጆንያው አፍ የታሰረበትን ሲባጎ በሰንጢዋ ቆረጥኩት። ሁለት እጄ ለጆንያው ስለተፈለገ ሰንጢዋን የጎተራው አፍ ላይ አኖርኳት። ገብሱን ገለበጥኩ። ረፍዶብኝ ስለነበር ደብተሬን ይዤ ሮጥኩ።

ታዲያ ድንጋዩን አንሥቼ ሰንጢዋን ስደብቅ በደንብ ትዝ የሚለኝስ? እሱ የዚያ ቀን አልነበረም። የትናንትናው፣ የከትናንት ወዲያው ነበር። ሁልጊዜ የምናደርገው ነገር አንዱ ቀን ከሌላው ቀን ይመሳሰላል። አእምሮዬ የትናንቱን አንሥቶ የዛሬ ነው ብሎ ሰጠኝ፤ እኔም አመንኩት። በእሱ ላይ ተመሥርቼም ሰው ወነጀልኩ።

እናቴ ባትሪ አበራችልኝ። ክንዴን እስከ ብብቴ ድረስ ገብሱ ውስጥ ከትቼ ዳሰስኩ። ብዙ ቆይቶ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ጣቴን ጫረኝ። ሳልዘጋት ትቻት ስለነበር ስለቷ እንደተከፈተ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን እንቅልፍ ሳይወስደኝ አደርኩ።

ጠዋት አያቴ «ሰው ፊት ያዋረድከውን ሰው፣ ይቅርታውንም ሰው ፊት ነው የምትጠይቀው» አሉኝ። በጓደኛዬ መንገድ ሄጄ ጠበቅሁትና ካቡ ድረስ እንዲመጣ ለመንኩት። ያን ቀን የነበሩት ልጆች ሲሰበሰቡ «ሰንጢዋ ቤታችን ጎተራ ውስጥ ተገኘች። እሱ አልወሰደም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩ። እሱም «ምንም አይደል» አለኝ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ግን «ያን ቀን ኪሴን ስገለብጥ እህቴ እያየችኝ ነበር» አለኝ። እህቱ 2ኛ ክፍል ናት።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው እውነት ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሰንጢ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። የክበባችን መምህር እንደነገሩን ብዕርና ስለት ጎረቤታሞች ናቸው። ብራና ላይ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊዎች የመቃ ብዕራቸውን የሚቀርጹት በትንሽ ቢላ ነው። ፊደል ሲሳሳቱም ብራናውን በስለት ፍቀው ያርሙታል። እኛም ይህን መጽሔት በእጃችን ስንጽፍ ስንሳሳት በምላጭ እንፍቃለን። አንድ ሰው ላይ የተናገርነውን ግን በምንም መፋቅ አንችልም።

ስዊዘርላንድ የሚባለው አገር ደግሞ በሰንጢ የታወቀ ነው። ካርል ኤልስነር የሚባል ቢላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1891 ለአገሩ ወታደሮች የሚታጠፍ ሰንጢ ሠርቶ ማቅረብ ጀመረ። በ1897 ደግሞ የመኮንኖቹን ሰንጢ አወጣ። ዛሬ ቪክቶሪኖክስ የሚባለው ድርጅት እሱ የመሠረተው ነው። ሰንጢዎቹ የሚታወቁት በቀይ እጀታቸው ነው። መምህራችን ሥዕሉን ሲያሳዩን ወዲያው የራሴን አሰብኩ። የእኔ ሰንጢ የቀንድ እጀታ ስላላት አፈር ላይ ስትወድቅ አፈር፣ ድርቆሽ ላይ ስትወድቅ ድርቆሽ ትመስላለች። ቀይ ግን ሣር ላይ ከሩቅ ይታያል።

ሴት አያቴ ይህን ስነግራቸው ከበጎቻችን ጸጉር በእንዝርት ፈትለው፣ ቀይ ቀለም ነክረው፣ አንዲት ጠንካራ ገመድ ገመዱልኝ። የመንዝ በግ ጸጉር በርኖስና ዝተት ከተሠራበት ለአንዲት ሰንጢ አያንስም። የገመዱ አንዱ ጫፍ ሰንጢዋ ላይ፣ ሌላው ቀበቶዬ ላይ ታስሯል። አስሬ ስጨርስ አያቴ «ቀስ ብለህ እሰር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝና እንደገና አስፈትተው አሳሰሩኝ።

አያቴ ያስተማሩኝንም እነግራችኋለሁ፤ ለሰንጢ ብቻ ሳይሆን ለእስክሪብቶና ለቁልፍም ይሆናል። አንደኛ፣ ዕቃ አንድ ኪስ ብቻ ይኑረው፤ ዛሬ ግራ ነገ ቀኝ አይባልም። ሁለተኛ፣ ሰንጢ ቆርጦ እንደጨረሰ ይታጠፍ፤ ለሰው ሲሰጥም ታጥፎ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ሁለት እጅ የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ ሰንጢውን መጀመሪያ ወደ ኪስ መመለስ ነው እንጂ «ለአፍታ» ብሎ የትም አለማኖር። የጠፋ ዕቃ ሁሉ «ለአፍታ» የተቀመጠ ነው ይላሉ። አራተኛ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ዞር ብሎ ማየት። አምስተኛ፣ ዕቃ ሲጠፋ ሰው ከመጥራት በፊት «መጨረሻ ምን ሠራሁበት?» ብሎ ራስን መጠየቅ።

ካቡ ውስጥ መደበቁንም ትቻለሁ። ሰንጢዋን ጠዋት ከበጎቹ ጋር ለወንድሜ አስረክባለሁ። መምህራችን እንደነገሩን በአውሮፕላን የሚሄድ ሰውም ሰንጢ ኪሱ ውስጥ ይዞ አይሳፈርም። አሜሪካ ውስጥ አውሮፕላኖች ተጠልፈው ያ ትልቅ አደጋ ከደረሰበት ከመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ወዲህ ፍተሻው በጣም ጠብቋል። ኪሱን ሳያይ የሄደ መንገደኛ ሰንጢውን በር ላይ ጥሎ ይገባል። የሚከለክለው የእኛ በር ብቻ አይደለም።

ጓደኛዬ አሁን አብሮኝ ይመላለሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ በግ አብረን ስናግድ፣ ከተቀመጥንበት ልንነሣ ስንል «ሰንጢህ አለች?» ይለኛል። ሌሎቹ ልጆች ይስቃሉ። እኔም ቀይዋን ገመድ ሳብ አድርጌ «አለች» እለዋለሁ። የሚጠይቀኝ እንደ ቀልድ ነው። ግማሹ ግን ቀልድ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል።

ቸር ሰንብቱ።